ኪኒኑ የማይገድለው ትል፦ የሐዋሳ ማስታወሻ

ሐምሌ 20

ከቃሊቲ መናኸሪያ የወጣነው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሞጆን እንዳለፍን ዝናቡ ያዘን። መቂ፣ ባቱ፣ ላንጋኖ፣ አርሲ ነጌሌ፣ ሁሉም አረንጓዴ ለብሶ በመስኮቱ አለፈ። ከፊት ለፊታችን ነጠላ የለበሰ ሰው የሞላባቸው አውቶቡሶች ተከታትለው ይመጣሉ። ትናንት የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነበር። ሰው ሁሉ ከሐዋሳ ሲመለስ እኔ ወደ ሐዋሳ እሄዳለሁ።

መንገድ ዳር በግ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ አገጩ ስር ይሄዳል። ይህ ልማድ የያዘኝ ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው።

እናቴ የምትኖረው ሸዋ ሮቢት አጠገብ ነው። አምና በዚህ ጊዜ ዘጠኝ በጎች ነበሯት። አራቱ ሞቱባት። ሳታክም ቀርታ አይደለም። በየወሩ የትል ኪኒን ትሰጣቸው ነበር። የሸጠላት ሰው "በየወሩ ስጫቸው፣ ምንም አይልም" ብሏታል። ገንዘብ ሲያጥራት አንዱን ኪኒን ለሁለት ሰብራ ታዳርስ ነበር። በጎቹ መጀመሪያ ከመንጋው ወደ ኋላ መቅረት ጀመሩ። ቀጥሎ ከአገጫቸው ስር ውሃ የቋጠረ እብጠት ወጣ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደቁ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ "ኪኒን ሰጥተሻቸዋል?" እላታለሁ። "ሰጥቻቸዋለሁ እኮ ልጄ፣ ትናንትና እንኳ ሰጥቻቸዋለሁ" ትለኛለች። ያ ድምጿ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አጠያየቄ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ዓይነት ነበር።

ሐዋሳ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ጓደኛ አለኝ። አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና "ትሉ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል" አለኝ። ጀርም አንቲባዮቲክ እንደሚላመድ ሰምቼ አውቃለሁ። የበግ ትል መድኃኒት ይላመዳል ብሎ የነገረኝ ግን አልነበረም። "ነይና በዓይንሽ እዪው" አለኝ። ይኸው መጣሁ።

የመጣሁት ጓደኛዬ እዚህ ስላለ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ስለዚህችው ከተማ ያወራል። ተመራማሪዎች ሐዋሳ ውስጥ አንድ የፍየል እርባታ ላይ በአገራችን የተለመዱትን የትል መድኃኒቶች ፈተኑ፦ አልቤንዳዞል፣ ቴትራሚዞልና አይቨርሜክቲን። ደም መጣጩ የጨጓራ ትል ሦስቱንም ተቋቁሞ ተገኘ። ሦስቱ በሦስት የተለያየ መንገድ ነው ትል የሚገድሉት። አንዱ አልሠራ ሲል ወደ ሌላው እንሂድ የሚባለው ለዚህ ነበር። እዚያ እርባታ ላይ የሚኬድበት አልቀረም ማለት ነው።

ጥቁር ውሃን አልፈን ሐዋሳ ስንገባ 7 ሰዓት ሆኗል። ማታ ሐይቁ ዳር አሳ በላን። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ከሰው መሀል ይመላለሳሉ። ጓደኛዬ ስለ ትል ማውራት የሚጀምረው ነገ መሆኑን ነገረኝ። "ዛሬ ብዪ" አለኝ።

ሐምሌ 21

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በሞተር ብስክሌት መጥቶ ወሰደኝ። ቱላን አልፈን ጠጠር መንገድ ውስጥ ገባን። የእንሰቱ ቅጠል ሌሊቱን ታጥቦ ያበራል። የሄድንባቸው እናት 13 በጎች አሏቸው። የሰፈሩ ሰው "እማማ" ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ሲዳምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። ያልገባኝን ልጃቸው ትነግረኛለች። ጓደኛዬን "ዶክተር" ይሉታል።

በጎቹ ከጥቅምት ወዲህ አራት ጊዜ የትል ኪኒን ውጠዋል፤ የመጨረሻው ግንቦት ላይ ነበር። ያም ሆኖ ሦስቱ ከስተዋል። እማማ ለመስከረም ገበያ የሚያስቡት ሙክት ከሦስቱ አንዱ ነው።

ዶክተር መጀመሪያ ያየው ዓይናቸውን ነው። በጉን በእግሮቹ መሀል ይይዘዋል። በአንድ አውራ ጣት የላይኛውን ሽፋን ተጭኖ ዓይኑን ወደ ውስጥ ገፋ ያደርገዋል። በሌላው አውራ ጣት የታችኛውን ሽፋን ወደ ታች ይስበዋል። ያኔ የውስጡ ሥጋ ብቅ ይላል። ጤነኛዋ ላይ ቀይ ነው፣ ገና እንደታረደ ሥጋ። ሙክቱ ላይ ስናይ ነጭ ሆነ። ወረቀት ነው የሚመስለው። ደንግጬ "ይሄ በሕይወት አለ?" አልኩ።

ከኪሱ ትንሽ ካርድ አወጣ። አምስት ቀለም አለው፣ ከቀይ እስከ ነጭ፣ ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተጻፈበት። ፋማቻ ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ነው፣ ስሙም ሐሳቡን ካመነጨው ሐኪም ከፋፋ ማላን ስም የተወሰደ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። የጨጓራ ትሉ ደም ይመጥጣል። ደም ያለቀበት በግ ዓይኑ ውስጥ ይነጣል። ስለዚህ ላቦራቶሪ የሌለው ገበሬ የትኛው በግ እንደታመመ በጣቱ ማወቅ ይችላል። ዶክተር ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። ደም የሚያሳንሰው ይህ ትል ብቻ አይደለም። የጉበት ትልም ያነጣል፣ ከአገጭ ስርም ያሳብጣል፣ ሕክምናውም ይለያል። ረግረግ አካባቢ ያለ ሰው ይህን መርሳት የለበትም።

ቀጥሎ ሚዛን። የሚንጠለጠል ሚዛን ዛፍ ላይ አሰረ። "እማማ፣ ይቺ ስንት ኪሎ ትሆናለች?" አላቸው። እማማ አየት አድርገዋት "25" አሉ። እኔም ከ25 አይበልጥም ብዬ ነበር። 34 ኪሎ መዘነች። ሌላዋንም ገመትን፣ እሷንም አሳነስናት። ዶክተር ሳቀ። "ሁሉም ሰው ያሳንሳል" አለ። "ያነሰ ሲገመት ያነሰ መድኃኒት ይሰጣል። ያነሰ መድኃኒት ደካማውን ትል ይገድልና ጠንካራውን ይተወዋል።"

እዚህ ላይ እናቴ የሰበረቻቸው ኪኒኖች ትዝ አሉኝ። የበጉ አልቤንዳዞል 300 ሚሊ ግራም ነው። ለአንድ ኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ከተሰላ አንዱ ሙሉ ኪኒን እስከ 40 ኪሎ ላለ በግ ይበቃል። ግማሹ የሚበቃው ለ20 ኪሎ ነው። የእናቴ በጎች 20 ኪሎ አልነበሩም። ፍየል ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፍየል መድኃኒቱን ከበግ ይልቅ ቶሎ ከሰውነቷ ታስወጣለች። ለዚህ ነው ሐኪሞች ለፍየል አልቤንዳዞልን ከበጉ መጠን እስከ እጥፍ የሚያዙት። እኛ አገር ግን በግና ፍየል አንድ ላይ ነው የሚውሉት፣ ኪኒኑም እኩል ነው የሚታደላቸው።

ሦስቱን የነጡትን ለብቻ አደረጋቸው። "እነዚህን ለፈተና አላቆያቸውም" አለ። በሚዛናቸው ልክ ከሌላ ዓይነት መድኃኒት፣ ከቴትራሚዞል፣ ሰጣቸው። የቀሩት አሥሩ ናቸው የሚፈተኑት። ጓንት አድርጎ ከእያንዳንዳቸው በጠጥ በቀጥታ ከመውጫው ወሰደ። ከመሬት የተለቀመ አይሆንም፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ከአፈሩም ሌላ ትል ይገባበታል። በየከረጢቱ ላይ ቁጥር ጻፍኩ። ሥራዬ ይህ ነበር፣ በጥንቃቄ ሠራሁት።

ከዚያ አልቤንዳዞል። ከታወቀ መድኃኒት ቤት የተገዛ፣ ጊዜው ያላለፈ፣ በሚዛኑ ልክ። ኪኒኑን ምላሷ ኋላ አስቀምጦ አፏን ዘግቶ ጉሮሮዋን ያሻታል፣ ስትውጥ እስኪያይ አይለቃትም። "ከዚህ በኋላ ትሉ ካልሞተ ጥፋቱ የእማማ አይደለም" አለኝ። ይህን ሲል ወደ እኔ ነበር ያየው።

ከሰዓት ላቦራቶሪ ገባን። 3 ግራም በጠጥ በ42 ሚሊ ሊትር ጨው የጠገበ ውሃ ውስጥ ፈጨን። በማጥለያ አጠለልነው። ጨዉ ውሃውን ያከብደዋል፣ እንቁላሉ ይንሳፈፋል። ጠብታውን መስመር በተሰመረበት ባለ ሁለት ክፍል መስታወት ውስጥ አስገባን። ማክማስተር ይሉታል። አምስት ደቂቃ ጠበቅን።

ማይክሮስኮፑን ሳየው መጀመሪያ ቆሻሻ ብቻ ነበር። "ቆይ፣ ወደ ላይ ከፍ አድርጊው" አለኝ። ከፍ ሳደርገው ብቅ አሉ። ሞላላ ናቸው፣ ቀጭን ልባስ አላቸው፣ በውስጣቸው እንደ ወይን ዘለላ የተጠጋጋ ነገር ይታያል። ጠርዙ ላይ አንድ፣ መሀል ላይ ሦስት። መስመር መስመሩን እየተከተልኩ ቆጠርኩ። ጆሮዋ የተቀደደው ጥቁር በግ 42 እንቁላል ነበራት። በ50 ይባዛል። በአንድ ግራም በጠጥ ውስጥ 2,100 እንቁላል ማለት ነው። አንድ ግራም እኮ አንዲት ጥራጥሬ ነገር ናት!

የትኛው ትል የጣለው እንቁላል እንደሆነ በዓይን አይለይም፣ ይመሳሰላሉ። ለዚያ እንቁላሉን ፈልፍሎ እጩን፣ ማለትም የሚወጣውን ገና ያላደገ ትል፣ ማየት ያስፈልጋል፣ ሳምንት ገደማ ይወስዳል።

ሐምሌ 22

ገና ቁርስ ሳንበላ ስልክ ተደወለ። ከእማማ ጎረቤት አንድ ጠቦት ሌሊት ሞቷል። ዶክተር "ማየት አለብሽ" አለኝ። ሆዴ ፈራ፣ ሄድኩ።

ጠቦቱ እንሰት ስር ተጋድሟል። ውሻ ራቅ ብሎ ቁጭ ብሏል። ባለቤቱ አባወራ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። "ተቅማጥ እንኳ አልነበረውም ዶክተር። ትናንት ሣር ግጧል" አሉ። እኔ ትል ሲባል ተቅማጥ ይመስለኝ ነበር። ይህ ትል ግን ብዙውን ጊዜ አያስቀምጥም። ዝም ብሎ ነው ደም የሚጨርሰው።

ዶክተር ሆዱን ከፈተ። በግ አራት የሆድ ክፍል አለው። ትሉ የሚኖረው አራተኛው ውስጥ ነው፣ እንደኛው ጨጓራ አሲድ ያለው ክፍል። በቢላው ሰንጥቆ ገለጠው። መጀመሪያ የታየኝ የሚንቀሳቀስ ምንጣፍ ነው። ቀረብ ስል ክሮች ሆኑ። እያንዳንዱ የጣት አንጓ የማይሞላ፣ ቀይና ነጭ ተገምዶ የተፈተለ ክር። ቀዩ በትሏ አንጀት ውስጥ ያለው የጠቦቱ ደም ነው። ነጩ የእንቁላል ማህፀኗ ነው፣ አንጀቷ ላይ ተጠምዝዞ። ስሟ ሄሞንከስ ነው። እንዲህ የተገመደችው ሴቷ ናት።

ዶክተር በጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂቶቹን አደረጋቸው። ሞቋቸው መሰለኝ፣ መላወስ ጀመሩ። ጠቦቱ ሞቷል፣ እነሱ በሕይወት አሉ። አባወራው ፊታቸውን አዞሩ።

አንዷ ትል በቀን የምትወስደው ደም 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የጠብታ ያህል። 1,000 ሲሆኑ ግን 50 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንዲት የቡና ሲኒ ለመሙላት ትንሽ የቀረው። በየቀኑ። 30 ኪሎ የሆነ በግ ጠቅላላ ደሙ ሁለት ሊትር ገደማ ነው። ሒሳቡን ስሠራው እናቴ ቤት አንድ በአንድ የወደቁት በጎች ተሰለፉብኝ።

ከዚያ ቤት ቡና ጠጣን። እምቢ ማለት አይቻልም፣ ሐዘን ላይ ቢሆኑም አፈሉልን። ከቆጮ ጋር። ዶክተር ታሪኩን የነገረኝ እዚያ ነው፣ ጠቦቱ ከተቀበረ በኋላ።

ታያቤንዳዞል የሚባለው የአልቤንዳዞል ታላቅ ወንድም እ.ኤ.አ. በ1961 ገበያ ላይ ዋለ። ዓለም ተደሰተ። በ1964 የተላመደው ትል ተመዘገበ። ሦስት ዓመት! በ1981 አይቨርሜክቲን መጣ። መነሻው ጃፓን ውስጥ ከተወሰደ አፈር የተገኘ ተህዋስ ነው። ያገኙት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይገባቸዋል። ያ መድኃኒት በእኛም አገር ስንቱን ሰው ከዓይነ ስውርነት እንደታደገ ይታወቃል። ግን አሥር ዓመት ሳይሞላ የሚቋቋመው የበግ ትል ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተገኘ። ሞኔፓንቴል የሚባለው ሌላ የትል መድኃኒት በ2009 ኒውዚላንድ ውስጥ ወጣ። በ2013 እዚያው ኒውዚላንድ ውስጥ የፍየል ትል ተላመደው።

"ትሉ ብልህ ሆኖ ነው?" አልኩት።

"አይደለም። ብዛቱ ነው። አንዷ ሴት በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። ከሚሊዮን ውስጥ ጥቂቶቹ ሲፈጠሩ ጀምሮ መድኃኒቱ አይነካቸውም። አልቤንዳዞል ትሉ ውስጥ የሚጣበቅበት ቦታ አለ፣ እነዚህ ላይ ያ ቦታ ትንሽ ተለውጧል። መድኃኒቱ መጥቶ መያዣ ያጣል። ሌላው ሲሞት እነሱ ይቀራሉ፣ ይዋለዳሉ።"

አባወራው ይሰሙ ነበር። "ዘር መረጥን በለኛ" አሉ።

እኔ በመጽሐፍ ያላገኘሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ገበሬ ጠንካራውን እሸት ነጥሎ ለዘር እንደሚያስቀምጥ፣ እኛም በየወሩ ኪኒን እየሰጠን ጠንካራውን ትል ነጥለን ለዘር አስቀመጥነው።

እንቁላሉ ከበጠጡ ጋር ይወድቃል፣ ክረምት ላይ በሳምንት ውስጥ ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል። እጩ በጠል እርጥበት ሣሩን ይወጣል። በጉ ጠዋት ከጠሉ ጋር ይግጠዋል። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ያ እጭ ራሱ እንቁላል መጣል ይጀምራል።

ሐምሌ 23

መናኸሪያ ከመሄዴ በፊት ገበያ ዞርኩ። አንድ ልጅ ሸራ ዘርግቶ ከምላጭና ከባትሪ ጎን የእንስሳት ኪኒን ይሸጣል። ፀሐይ ላይ። ስንት ኪሎ ነው በግሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። "ለትል ነው?" አለኝ፣ "አዎ" አልኩት፣ ሰጠኝ። ልጁ ላይ አልፈርድም፣ እንጀራው ነው። ግን ከዚህ ሸራ ላይ ተገዝቶ "መድኃኒቱ አልሠራም" የሚባለው ሁሉ የተላመደ ትል ላይሆን እንደሚችልም ገባኝ። ፀሐይ ያበላሸው ኪኒን ጤነኛውንም ትል አይገድልም።

ነሐሴ 4

ተመለስኩ። ፆም ነው፣ ዝናብ ነው። ሻሸመኔ ላይ ጎማ ተቀየረ። ማታ ደረስኩና ተኛሁ።

ነሐሴ 5

ኪኒኑ ከተሰጠ ዛሬ 14 ቀን ሞላው። እማማ ጋ ስንደርስ በጎቹን አስረው ጠበቁን። ሦስቱ የነጡት ውስጥ ሙክቱ ተሽሎታል። ዓይኑ ቀይ ነው አይባልም፣ ሮዝ ሆኗል። አንዷ ግን በሦስተኛው ቀን ሞታለች። እማማ ሲነግሩን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። "ዘግይተን ነው" አለ ዶክተር።

ከአሥሩ እንደገና በጠጥ ወሰድን። የአምናው ቁጭት ስለነበረብኝ ይሁን አላውቅም፣ ላቦራቶሪ ስንገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጆሮዋ የተቀደደውን ጥቁር በግ መጀመሪያ አስቀመጥኩ። መድኃኒቱ ሠርቶ ቢሆን መስታወቱ ባዶ መሆን ነበረበት። አንድ ቢገኝ ሁለት።

ጠርዙ ላይ አራት። ቀጣዩ መስመር ላይ ሦስት። ስጨርስ 23 ሆነ። እንደገና ቆጠርኩት፣ 23። በ50 ሲባዛ 1,150። ከ2,100 ወደ 1,150። ግማሹን እንኳ አልገደለም። በአግባቡ የሚሠራ መድኃኒት ቢያንስ 95 በመቶ መቀነስ አለበት። የአብዛኞቹም ከእሷ የተሻለ አልሆነም። ሁለቱ ብቻ ናቸው ባዶ የሆኑት።

ይህ የአንድ ቤት በጎች ነገር ነው። ስለ ሰፈሩ ሁሉ አይናገርም። ለእማማ ግን በቂ ነው። ኪኒን በገዙ ቁጥር ብራቸውን ውሃ ውስጥ እየጣሉ ነበር።

ማታ ተመልሰን ነገርናቸው። ቀላል አልነበረም። አልቤንዳዞል ለእነዚህ በጎች እንደማይሠራ ገባቸው። ቀጥሎ የመጣው ነው የከበደው። ዶክተር "ከእንግዲህ ዓይኑ ለነጣው ብቻ ይስጡ፣ ቀይ ለሆነው ምንም አይስጡ" አላቸው።

እማማ ዝም አሉ። ከዚያ "ዶክተር፣ የአንዷን በሽታ እያወቅሁ የሌሎቹን ልተው?" አሉ። "ትል የሌለባት በግ አለች?"

"የለችም፣ እማማ። ሁሏም ውስጥ አለ።"

"ታዲያ እያወቅሁ?"

ጥያቄያቸው ልክ ነው። እኔም የጠየቅሁት ነበር። ሰው ለልጁም ለከብቱም ሳይታመም መከላከል ነው የሚፈልገው። ዶክተር ሲያስረዳቸው እናቴ የጠላ ድፍድፍ ስታቀጥን ታየችኝ። ዓይኗ ቀይ የሆነው በግ ውስጥ ያለው ትል ጥቂት ነው፣ አይጎዳትም። መድኃኒት ያልነካው ትልም ነው። እሱ የሚጥለው እንቁላል ግጦሹ ላይ ከተላመዱት ጋር ይቀላቀላል። ድፍድፍ ላይ ውሃ እንደሚጨመር፣ የተላመዱት እየቀጠኑ ይሄዳሉ። ሁሉንም በግ በአንድ ቀን ካከምን ግን ግጦሹ ላይ የሚወድቀው የተላመደው ዘር ብቻ ይሆናል። ወፍራም ድፍድፍ፣ ያለ ውሃ።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበሩ ፍየሎች ትላቸው መድኃኒት ተላምዶ ነበር። ተመራማሪዎች መድኃኒት እምብዛም ካልነካው ከአካባቢው ሕዝብ መንጋ ጋር እንዲቀላቀሉ አደረጉና የመድኃኒቱ ኃይል ተመለሰ። በ2006 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። ያ ድሃ ገበሬ፣ ኪኒን መግዛት ያልቻለው፣ ሳያውቀው መድኃኒት ሲጠብቅልን ኖሯል። እኔ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ።

ልጃቸው ደብተር አመጣች። ዶክተር ያለውን ጻፈች፣ እኔም ከእሷ ገለበጥኩ። በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ዓይን ይታይ። ከገበያ የተገዛ በግ ታክሞና ተመርምሮ ሳያበቃ ከመንጋው አይቀላቀል፣ የተላመደ ትል ከእሱ ጋር ነው የሚመጣው። ጠዋት ጠሉ ሳይደርቅ አይውጡ። መኖ መሬት ላይ አይበተን፣ ገበታ ይሠራለት። ክረምቱን ሁሉ ዓይኗ ቀይ ሆኖ የከረመች በግ ትታወቅ፣ ለዘር የምትቀመጠው እሷ ናት። በየዓመቱ በተደጋጋሚ የምትነጣው ትሸጥ።

እማማ የመጨረሻውን ሲሰሙ ጥቁሯን በግ አዩዋት። በአንድ ግራም 1,150 እንቁላል አላት፣ ዓይኗ ግን ቀይ ነው። "ይቺን አልሸጣትም" አሉ።

ነሐሴ 6

ለእናቴ የደወልኩት ከታቦር ተራራ ላይ ሆኜ ነው። ሐይቁ ከታች ጠፍጣፋ ብር ይመስላል። በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋት። "የምን ይቅርታ?" አለችኝ። አምና በስልክ እንዴት እጠይቃት እንደነበር ነገርኳት። "እንዴ፣ እሱን ረስቼዋለሁ" አለች። አልረሳችውም፣ እኔ አውቃታለሁ።

ከዚያ የቀሯትን አምስቱን በጎች እንድታመጣ ነገርኳት። ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ሰጠችው፣ እሱ ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገልን። የላይኛውን በአውራ ጣት ተጫኚ፣ የታችኛውን ሳቢ፣ ፀሐይ ላይ ሆነሽ እዪ አልኳት። ባ የሚል ድምፅና ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ያዝኳት። ይቺ ቀይ ነው።"

"ሁለተኛዋስ?"

"ቀይ።"

ሦስተኛዋም አራተኛዋም ቀይ ሆኑ። አምስተኛው ጋ ስትደርስ ቆየች። "ይሄ ነጣ ብሏል ልጄ" አለች። "ሮዝም ነጭም ነው።" ለእሱ ነገ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋ እንድትወስደው፣ ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጡት፣ ከአልቤንዳዞል ሌላ እንዲሰጡት ነገርኳት። የመድኃኒቱን ስም ልጁ እጁ ላይ ጻፈ።

"ለአራቱስ ስንት ስንት ልስጣቸው? ኪኒን ገዝቼ አስቀምጫለሁ።"

"ለአራቱ ምንም አትስጫቸው፣ እማ።"

"ምንም?"

"ምንም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓይናቸውን እንደገና እናያለን፣ እኔም እመጣለሁ።"

ዝም አለች። በጎቹ ከኋላዋ ይጮሃሉ። "እሺ" አለች፣ "ኪኒኑን ከመደርደሪያው ላይ አውርጄ አስቀምጠዋለሁ። እዚያ ሳየው እጄ አያርፍም።"